በሐምራዊ ክር የተሰፋ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 14 ቀን

ለልጄ እናት፣ ለሩቋ ባለቤቴ፤

እንደምን ከርመሻል? የምታስታምሚያቸው አሮጊት አሁንም ሌሊት ሌሊት ይቀሰቅሱሻል? እኔ ደኅና ነኝ። ወገቤ ያው ወገቤ ነው፤ ጎንበስ ብዬ ስቆርጥ ይይዘኛል፣ ቀና ስል ያስብበታል። ዛሬ መብራት የለም። ካውያውም የስፌት መኪኖቹም ቆመዋል፤ በጠራራ ፀሐይ ሥራ ፈትቼ የምጽፍልሽ ለዚህ ነው።

ለምን በስልክ አልነገርከኝም ትዪ ይሆናል። ቤቱን ታውቂዋለሽ፤ ሱቁም መኝታውም አንድ ክፍል ነው። በእኔና በሚጣ መካከል ያለው መጋረጃ ነው፤ መጋረጃ ደግሞ ዓይን እንጂ ጆሮ አይከለክልም። ድምፄን ቀድቼ እንዳልልክ ስልኩን የምትይዘው እሷ ናት። ስትደውዪላት እኔም ከመጋረጃው ወዲህ ሆኜ እሰማችኋለሁ። መጨረሻ ላይ ሁልጊዜ "እንደነገርኩሽ ነሽ አይደል?" ትያታለሽ። "ነኝ" ትላለች። ምን እንደነገርሻት ጠይቄሽ አላውቅም። ትምህርቷን መስሎኝ ነበር።

ይህን ደብዳቤ ይዛልሽ የምትመጣው የጎረቤታችን የሹፌሩ ሚስት ናት፤ እናንተ ከተማ ሥራ አግኝታለች። ደግ ሴት ናት ይሏታል። ትሁን። መንገድ ግን ረጅም ነው፣ ሰው ይሰለቸዋል፣ ሲሰለቸው የሰው ደብዳቤ ያነባል። ስለዚህ ፖስታውን በሙጫ ብቻ አልተወውም። ዙሪያውን በእግር መኪናው እሰፋዋለሁ። ክሩ ሐምራዊ ነው፣ የትምህርት ቤቱን የደንብ ልብስ የምንሰፋበት። ተፈትቶ ወይም በሌላ ክር ተሰፍቶ ከደረሰሽ ንገሪኝ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ።

ወደ ነገሬ ልግባ። ሚጣን ከትምህርት ቤት አስወጥቼ ገጠር እህቴ ዘንድ ልልካት አስቤያለሁ። ሻንጣው ወርዶ በሩ ሥር ተቀምጧል። ልላካት ወይስ ልተዋት የሚለውን ከመቁረጤ በፊት ግን ካንቺ ማወቅ ያለብኝ ነገር አለ። ጥያቄዬን ወደ መጨረሻው ታገኚዋለሽ። መጀመሪያ የሆነውን ስሚ።

ልጅቷ ከሄድሽ ወዲህ ተለውጣለች። ታስታውሺያለሽ፣ የመቁረጫው ጠረጴዛ ሥር ቁጭ ብላ የወደቀውን ቁርጥራጭ እየለቀመች ለአሻንጉሊቶቿ ቀሚስ ትሰፋ ነበር። ደንበኛ ልብስ ሲሞክር ከሥር ሆና "አባዬ፣ ትከሻው ሰፍቶታል!" እያለች ታዋርደኝ ነበር። አሁን ቃል አይወጣትም። ከትምህርት ቤት ትመጣለች፣ ትተኛለች። ቅዳሜ ትተኛለች፣ እሑድም ትተኛለች። ምሳ ዕቃዋ እንደሄደ ይመለሳል። አሻንጉሊቶቹን ከነልብሳቸው በካርቶን አድርጋ ለጎረቤት ልጆች ሰጠቻቸው።

"ለምን?" አልኳት።

"ትልቅ ነሽ አሉኝ።"

"ማን አለ?"

"ሁሉም።"

ሁሉም የሚባል ሰው አላውቅም። ማን እንደሆነ ላጣራ ተነሣሁ።

ደግሞ ያ ግራጫ ሹራብ አለ፣ ልትሄጂ ስትይ የሰጠሻት። ላቧ በግንባሯ እየወረደ አታወልቀውም። በሙቀት ሹራብ የሚለብስ ሰው ወይ ታሟል ወይ የደበቀው ነገር አለ።

አሥራ አንድ ዓመቷ ነው፤ ይህን አንቺም እኔም እናውቃለን፣ መንገደኛው ግን አያውቅም። ቁመቷ ትከሻዬን አልፏል። ባለፈው ዓመት የደንብ ልብሷን ጎን ሁለት ጊዜ ለቅቄላት ትርፍ ብዬ የተውኩት ጨርቅ አለቀ። አንዲት ደንበኛ "አዲሷን ሠራተኛህን ከየት አመጣሃት?" አለችኝ። ሳቅሁ። ሚጣ አልሳቀችም። ከዚያ ወዲያ ሱቁ ፊት እንዳትቆም ነገርኳት። ከልጆቹ ጋር ኳስ መጫወቱንም ተዪ አልኳት። ለደኅንነቷ ነው። የወንድ ዓይን ወዴት እንደሚሄድ ወንድ ያውቃል።

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስትወጣ ተከተልኳት። የደንበኛ ኮት በክንዴ ላይ አንጠልጥዬ፣ ልብስ ላደርስ የምሄድ መስዬ። ዋናውን መንገድ ትታ በእንጨት መሰንጠቂያው ጓሮ ዞረች። እዚያ ሰው አያልፍም። ሰው የማያልፍበትን መንገድ የመረጠ ቀጠሮ አለው አልኩ። የቀጠራት ግን አልነበረም። ብቻዋን ነበር የምትሄደው፣ አንገቷን ደፍታ፣ ቦርሳዋን እንደ ሕፃን ደረቷ ላይ አቅፋ። ጓሮው ሲያልቅ ፎቶ ኮፒ ቤት ገባች። ወዲያው የክፍሏ ልጆች፣ ሴቱም ወንዱም፣ በመንጋ እያለፉ "እትዬ! እትዬ!" ይላሉ። እንዴት እንደሰማሁት ልንገርሽ? ቁልፍ ሰፊያችንን እኔ ራሴ እትዬ ነው የምላት። ልጄን አክብረው የሚጠሯት መሰለኝ። እንዲያውም ደስ አለኝ።

ፎቶ ኮፒው ግን ደስ አላለኝም። በማግስቱ ብቻዬን ሄጄ ማሽኑን የሚያሠራውን ወጣት ጠየቅሁት።

"ልጄ እዚህ ምን ትሠራለች?"

"ትቆማለች።"

"ምን ብላ?"

"ዝም ብላ። ከማሽኑ ኋላ። ወንበር ብሰጣትም አትቀመጥም።"

"ለምን ወንበር ትሰጣታለህ?"

"እንግዲህ የቆመ ሰው አይቼ ምን ልስጥ? ጋሼ፣ የመጣኸው ወረቀት ልታባዛ ነው ወይስ ነገር?"

ወረፋ የያዙት ሰዎች ሳቁ። እሱም ሳቀ። ሳቁ ቶሎ የሚመጣለትን ሰው አላምንም።

ከዚያ ላስቲኩ መጥፋት ጀመረ። ሰፊው ነጭ ላስቲክ፣ የቀሚስ ወገብ ውስጥ የምናስገባው። ጥቅልሉ ሥራ ሳይኖር ይቀጥናል። ሱቁ ውስጥ የምንውለው እኔና ቁልፍ ሰፊዋ ነን። ታውቂያታለሽ፣ ካንቺ በፊት የማውቃት ሴት ናት።

"እትዬ፣ ላስቲክ የት ነው የሚገባው?" አልኳት።

"ወገብ ውስጥ" አለች መርፌዋን ሳታቆም።

"የማን ወገብ ውስጥ?"

መርፌዋን አቆመች። "አንተ ሰውዬ፣ በዚህ ዕድሜዬ ላስቲክ ሰርቄ ወንጭፍ ልሠራ ነው?"

"ሰረቅሽ አላልኩም። ጠፋ ነው ያልኩት።"

"ቤቱ ውስጥ ያለነው ሁለት ነን። አንተ እንዳልወሰድክ ታውቃለህ። ታዲያ የቀረው ማን ነው?" መቀሷን በጨርቅ ጠቀለለች፣ መነጽሯን ኪሷ ከተተች። በሩ ላይ ዞር ብላ "ላስቲክ ከምትቆጥር ያችን ልጅ ብታያት ይሻልህ ነበር" አለችኝ።

"እያየኋት ነው። በየመንገዱ እየተከተልኳት።"

"ከኋላ ሆኖ ማን ይታያል? ከፊት ሆነህ እያት!"

ሄደች። እኔም ጥፋተኛ ባትሆን ኖሮ አትቆጣም ነበር አልኩ።

በዚህ መካከል ለሚጣ አዲስ የደንብ ልብስ መስፋት ነበረብኝ። "ሹራቡን አውልቂ" ስላት "ይበርደኛል" አለች፣ በዚያ ሙቀት። ሹራቡን ትንሽ ከፍ አድርጌ፣ ዓይኔን ወደ ግድግዳው መልሼ ሜትሩን በደረቷ ዙሪያ አዞርኩት። የሰው ሚስትና የሰው ልጅ ስለካ ኖሬ የራሴን ልጅ መለካት እንዲያ የሚያሳፍር አይመስለኝም ነበር። ሜትሩን ሳየው ካለፈው ዓመት በሦስት ጣት አንሷል። እንደገና ለካሁ። ያው ነው። ዓይኔ አድጋለች ይላል፣ ሜትሩ አንሳለች ይላል። ልብስ ሰፊ ማንን ያምናል? ሜትሩን። አሥር ጊዜ ለክተህ አንድ ጊዜ ቁረጥ ይባል የለ? ለካሁ፣ በሳሙና ስንጣሪ አሰመርኩ፣ ቆረጥኩ። አለመብላቷ ነው ያከሳት አልኩ። ታዲያ እንዳትበላ የሚነግራት ማን ነው? ለማን ብላ ነው የምትከሳው? የፎቶ ኮፒው ወጣት መጣብኝ። ሻንጣውን ከቁም ሳጥኑ ላይ ያወረድኩት ያን ዕለት ነው።

"እህቴ ዘንድ ትሄጃለሽ" አልኳት። ታለቅሳለች ብዬ ነበር።

"እዚያ የሚያውቀኝ ሰው አለ?" አለች።

"ማን ያውቅሻል።"

"እሺ።"

ያቺ እሺ ከልቅሶ ይልቅ አስጠረጠረችኝ።

አዲሱን ልብስ ለብሳ በሄደችበት ቀን ረፋዱ ላይ ከትምህርት ቤት ተደወለልኝ። ደረጃ ስትወጣ ወድቃለች አሉ። ሜትሩ አንገቴ ላይ እንደተንጠለጠለ ሮጥኩ። በትምህርት ቤቱ ነርስ ክፍል አልጋ ላይ ተጋድማለች፣ አንሶላ እስከ አገጯ፣ ፊቷ ወደ ግድግዳ። "ሚጣ" ብላት አልዞረችም። ነርሷ ወጣት ናት፣ ድምፅዋ ግን ሰው ያስቀምጣል። ወደ ኮሪደሩ አወጣችኝና በመቀስ የተቆረጠ ነገር እጄ ላይ አኖረች።

ላስቲኬ ነበር። ሦስት ቁራጮች ጎን ለጎን ተያይዘው እንደ ሰፊ መቀነት ሆነዋል። ጠርዙ በዚግዛግ ተመትቷል። ጫፉ ተቀልብሶ ሁለት ጊዜ ተሰፍቷል፣ መንጠቆዎቹ ዝንፍ ሳይሉ ተሰልፈዋል። ክሩ ሐምራዊ ነው። እኔ ጨርቅ ልገዛ ስወጣ በእግር መኪናው ላይ የሰፋችው ይሆናል። የማን እጅ እንደሆነ ለማወቅ አልተቸገርኩም፤ ያስተማርኳት እኔ ነኛ። በዚያ ሰዓት መጀመሪያ ያሰብኩትን ብነግርሽ ትታዘቢኛለሽ። ጥሩ ስፌት ነው ብዬ አሰብኩ።

"ደረቷን በዚህ አስራ ነው የምትውለው" አለች ነርሷ። "መተንፈስ አቅቷት ነው የወደቀችው። ከላይ ደግሞ ልብሱ ጠቧታል።"

ልብሱ የጠበባት በሜትሩ ልክ ስለቆረጥኩት ነው። ሜትሩ አልዋሸም። ታስራ ነው የለካኋት።

"ማነው ያስገደዳት?" አልኩ።

"ማንም አላስገደዳትም። የክፍሏን ሴቶች ልጆች አይተዋቸው ያውቃሉ? ገና ሕፃናት ናቸው። የእርስዎ ልጅ ቀደመቻቸው። እትዬ ነው የሚሏት። 'እትዬ፣ ልጅሽ ስንተኛ ክፍል ነው?' እያሉ በር ላይ ይጠብቋታል። እስኪያልፉ ድረስ የሆነ ፎቶ ኮፒ ቤት ትደበቃለች።"

ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር ነበር። ተቀመጥኩ።

"ከእኩዮቻቸው ቀድመው የሚያድጉ ሴቶች ልጆች ሁሉም አይከፋቸውም" አለች። "ከሌሎቹ ይልቅ የሚከፋቸው ግን ብዙ ናቸው። መተኛቷን፣ አለመብላቷን፣ ዕቃዋን ለሰው መስጠቷን ስንፍና ወይም ጥጋብ ብለው እንዳይይዙት።"

"ልጄ እብድ አይደለችም።"

"እብድ አላልኩም። ታማለች ነው ያልኩት። ይህ የሚታከም ሕመም ነው። ምን ትፈልጊያለሽ ብዬ ጠየቅኋት። 'ተኝቼ ትንሽ ሆኜ መነሣት' አለችኝ። ትንሽ ሆነሽ ባትነሺስ? አልኳት። ዝም አለች። ያ ዝምታ ስላልጣመኝ ነው ሐኪም ጋ የምልካችሁ። እስከዚያው ብቻዋን አይተዋት።"

ብቻዋን አልተውኳትም። ሐኪሟ ጋ ወሰድኳት፣ አሁንም በየሳምንቱ እንሄዳለን። ሐኪሟ ሴት ናት። በሩን ዘግተው ሲያወሩ እኔ ውጭ እቀመጣለሁ። ምን እንደሚባባሉ አይነግሩኝም። ይከነክነኛል። ቢሆንም እቀመጣለሁ።

ቁልፍ ሰፊዋ ቤትም ሄድኩ። በሩን ሙሉ አልከፈተችልኝም።

"ላስቲኩ ተገኘ?"

"ተገኘ።"

"የማን ወገብ ላይ?"

ነገርኳት። በሩን ከፍታ ወጣች፤ መቀሷን ለማምጣት ብቻ ተመለሰች፣ ነጠላ ጫማዋን እንኳ አልቀየረችም። ሱቁ እንደደረሰች ሜትሩን ከአንገቴ ላይ መንጭቃ ወሰደችና ከሚጣ ጋር መጋረጃው ውስጥ ገባች። ያለ ሹራቡ ለካቻት። ቁጥሩን አልነገረችኝም። "ልብሱን እኔ እቆርጣለሁ፤ አንተ ቁልፍ ስፋ" ነው ያለችኝ። እየሰፋሁ ነው። ጣቴ ተበሳስቷል። ከመጋረጃው ውስጥ "እኔን ደግሞ በአንቺ ዕድሜ አሮጊቷ ይሉኝ ነበር፤ ይኸው እስክደርስበት ጠበቅኋቸው" ስትል ሰማኋት። ሚጣ የሳቀች መሰለኝ። እርግጠኛ አይደለሁም።

ስትወጣ ግን ፊቷ ሌላ ነበር። "የወር አበባዋን ማየት ከጀመረች ቆይታለች። ቁርጥራጭ ጨርቅ ከከረጢቱ እየወሰደች ነው የምትጠቀመው" አለችኝ። "እንዴት እንደሚታጠፍ ታውቃለች፣ እንዴት እንደሚታጠብ ታውቃለች። ይህን ያስተማራት ሰው አለ።"

"ማን?"

"እኔን ጠርጥረህ ምን እንዳገኘህ አይተኸዋል። አሁን እሷን ጠይቃት።"

ጠየቅኋት። "እማዬ ታውቃለች" አለችኝ።

እንግዲህ ጥያቄዬ ይኸው። ልትሄጂ ስትይ ያን ሹራብ ስትሰጫት ምን አልሻት? "አባትሽ እንዳያይ" አልሻት? "ሰው እንዳያውቅ" አልሻት? በየስልኩ "እንደነገርኩሽ ነሽ አይደል?" የምትያት ይህንን ነው? ክፉ አስበሻል አልልም። ሩቅ ልትሄጂ ነበር፣ ቤት ውስጥ የሚቀረው ወንድ ነው፤ ፈርተሽ ይሆናል። እኔንም ጨምረሽ ፈርተሽ ከሆነ እሱንም ጻፊው። እኔ ያልኳትን አንድም ሳልደብቅ ነግሬሻለሁ፤ ሱቅ ፊት አትቁሚ፣ ኳሱን ተዪ። አንቺ ያልሻትን ደግሞ ልወቅ። እኔ ከፊት አንቺ ከኋላ ሆነን አጥር አጥረንባት ከሆነ፣ ላስቲኩን የሰፋችው ብቻዋን አይደለም።

ሹራቡን አሁንም ለብሳዋለች። ከላስቲኩ ተገላግላለች፣ ከሹራቡ ግን አልተላቀቀችም። ሐኪሟ አታስገድዳት ብላኛለች። እኔ አውልቂ ብላት ዋጋ የለውም፤ ያለበሳት ሰው ነው የሚያስወልቃት። ደውዪላት። ስለ ውጤቷ አትጠይቂያት። እንደነገርኩሽ ነሽ ወይ አትበያት። ሌላ ነገር ንገሪያት። ከመጋረጃው ወዲህ ሆኜ አልሰማም፣ እወጣላችኋለሁ።

እዚህ ላይ ስደርስ ሚጣ ከትምህርት ቤት መጥታ ከኋላዬ ቆማ ነበር። መች እንደመጣች አላወቅሁም።

"ለእማዬ ነው?"

"አዎ።"

"ስለ እኔ ነው?"

"አዎ።"

"ሁሉንም ነገርካት?"

"የማውቀውን።"

ሻንጣውን አየችው። "መቼ ነው የምሄደው?"

መልስሽን ልጠብቅ ነበር ሐሳቤ። ከላይም እንዲያ ብዬ ጽፌልሻለሁ፣ ልሰርዘው አልፈልግም። ተነሥቼ ሻንጣውን ቁም ሳጥኑ ላይ መለስኩት። ወገቤ ያዘኝ።

"አትሄጂም።"

"እሺ" አለች። ይቺኛዋን እሺ ስትል ድምፅዋ ተሰበረ። ከዚያ የመቁረጫው ጠረጴዛ ሥር አጎንብሳ የወደቀ ጨርቅ አነሣች። እግሯ አልተጣጠፈላትም፤ ቁጭ ልትል ሞክራ ተወችው። ጨርቁን ግን አልጣለችውም።

አሁን የፎቶ ኮፒው ወጣት ጋ ልሄድ ነው። ይቅርታ መጠየቅ እንዴት እንደሚጀመር መንገድ ላይ አስብበታለሁ። ቁልፍ ሰፊዋ ከልጅቱ ጋር ናት። ፖስታውን እኔ እሰፋዋለሁ ብዬሽ ነበር፤ ትቼዋለሁ፣ ሚጣ ትስፋው። ደብዳቤውን ከነፖስታው መኪናው ላይ አስቀምጬላት እወጣለሁ።

ጤናሽን ይስጥሽ። አሮጊቷንም ይማርልሽ፣ እንቅልፍም ይስጣችሁ። ለሰው እናት ያልሰነፈው እጅሽ ለልጅሽም ይድረስ።

የሚጣ አባት

ከፊርማዬ በኋላ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ወረቀት እንደ ጨርቅ አይደለም፤ የመርፌ ቀዳዳ አይደፈንበትም። ክሩ ቢፈታ እንኳ የረድፉ ቁጥር ያስታውቃል፤ ሚጣን ካነበበችው በሁለት ረድፍ እንድትሰፋው እነግራታለሁ። ፖስታው ላይ አንድ ረድፍ ቀዳዳ ካየሽ መልሱን ለእኔ ጻፊልኝ። ሁለት ረድፍ ካየሽ አንብባዋለች። ያን ጊዜ ለእኔ ሳይሆን ለእሷ ጻፊላት።